ኦፔራ በማን ኪስ?

እ.ኤ.አ. በ1600 በጥቅምት ወር መባቻ የፍሎረንስ ገዢዎች የሜዲቺዎች ልጅ ማሪያ የፈረንሳዩን ንጉሥ አንሪ 4ኛን አገባች። ሙሽራው ሰርጉ ላይ አልነበረም። ከሳቮይ መስፍን ጋር ጦርነት ገጥሞ ስለነበር በእሱ ምትክ ቆሞ ጋብቻውን የፈጸመላት አጎቷ ግራንድ ዱክ ፌርዲናንዶ ነው። ሙሽራው ቢቀርም ድግሱ አልቀረም፤ ግብሩ፣ ጭፈራውና የመድረክ ትርኢቱ ለቀናት ተከታተለ። ኦክቶበር 6 ማታ ጥቂት የተመረጡ እንግዶች በፒቲ ቤተ መንግሥት አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው «ኤውሪዲቼ» የተባለ ተውኔት አዩ። ተዋንያኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድም ቃል እንደ ወትሮው አልተናገሩም። ሰላምታውም፣ መርዶውም፣ ልመናውም ዜማ ነበር። ሙዚቃቸው ሳይጠፋ ከእኛ ዘመን ከደረሱት ኦፔራዎች የመጀመሪያው ይህ ነው።

ታሪኩ የግሪኮቹ ዘፋኝ የኦርፌዎስ ታሪክ ነው። ሚስቱን እባብ ነድፎ ሲገድልበት ሊያስመልሳት ወደ ሙታን አገር ይወርዳል። በጥንቱ ትረካ ወደኋላ እንዳያይ የተሰጠውን ትእዛዝ ጥሶ ዳግመኛ ያጣታል። ገጣሚው ኦታቪዮ ሪኑቺኒ ግን መጨረሻውን ለወጠው፤ ኦርፌዎስ ሚስቱን ይዞ በሰላም ይመለሳል፣ እረኞቹም ይጨፍራሉ። በሰርግ ቤት ማን ሬሳ ያሳያል? ሪኑቺኒ ራሱ በመቅድሙ ላይ፣ እንዲህ ላለ የደስታ ቀን የሚገባው ይህ ነው ብሎ ተሟግቷል።

ኦፔራ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ድምፅና ስለ ዜማ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ወጪውን የቻለው ማን እንደሆነ ነው ባይ ነኝ። የዚህ ጥበብ ቅርጽ፣ የተዘዋወረበት መንገድ፣ አልፎ አልፎም የታሪኩ መጨረሻ ሳይቀር የከፋዩን ፈቃድ ተከትሏል። አዝማሪ በመሳፍንት ግብር ላይ የጌታውን ስም እያነሳ ሲያወድስ ለኖረበት አገር ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንም። የአውሮፓውያኑን የሚለየው የወጪው ብዛት ነው።

የ«ኤውሪዲቼ»ን ወጪ የሸፈነው ያኮፖ ኮርሲ የሚባል የፍሎረንስ ባለጸጋ መኳንንት ነበር። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በ1598 ሪኑቺኒና ሙዚቀኛው ያኮፖ ፔሪ «ዳፍኔ» የተሰኘውን የመጀመሪያ ሙከራቸውን ያሳዩት በእሱ ቤት ነው፤ የዚያ ሙዚቃ አብዛኛው ጠፍቷል። ከእነሱ በፊትም ካውንት ጆቫኒ ደ ባርዲ ምሁራንን ቤቱ እየሰበሰበ፣ የጥንት ግሪኮች ተውኔታቸውን ያዜሙት ነበር ወይስ ያነበንቡት እያሰኘ ያከራክር ነበር። ከተከራካሪዎቹ አንዱ የሥነ ፈለክ ሊቁ የጋሊሌዮ አባት ቪንቼንዞ ጋሊሌይ ነው። እንግዲህ ነገሩ የተጀመረው ሥራ ባልነበረባቸው ሀብታሞች ሳሎን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚያች ማታ ኮርሲ ከመድረኩ ጀርባ ተቀምጦ ራሱ በገና መሰሉን ባለ ቁልፍ መሣሪያ፣ ክላቪቼምባሎን፣ ይመታ ነበር። ኦርፌዎስን ሆኖ የዘፈነው ደራሲው ፔሪ ነው። ክፍሉ ውስጥ ግን ጠብም ነበረ። ሌላው የቤተ መንግሥት ሙዚቀኛ ጁሊዮ ካቺኒ በእሱ ሥር ያሉት ዘፋኞች የፔሪን ዜማ እንዳይዘፍኑ ከለከለ፤ እነሱ በሚወጡበት ቦታ ሁሉ እሱ የቀመረው ዜማ ገባ። ይህ አልበቃው ብሎ ያንኑ ግጥም ከዳር እስከ ዳር በራሱ ዜማ ደረሰና ከፔሪ ቀድሞ አሳተመ። ሁለቱም የሚሻሙት የአንድን ጌታ ዓይን ነበር። የሚገርመው፣ ለሰርጉ ዋና ተብሎ የተዘጋጀው ትርኢት «ኤውሪዲቼ» አልነበረም። ከሦስት ቀን በኋላ ኡፊትሲ ውስጥ ባለው ትልቅ ቲያትር ደመና የሚያወርዱና አማልክት የሚያበሩ መሣሪያዎች ተዘርግተው የካቺኒ «የቼፋሎ ጠለፋ» ታየ። ገንዘቡም ሕዝቡም ያለው እዚያ ነበር። ዛሬ ከዚያ ትርኢት ሙዚቃ የተረፈው ቁርጥራጭ ነው።

ከሰርጉ ታዳሚዎች አንዱ የማንቱዋ መስፍን ቪንቼንዞ ጎንዛጋ ነበር፤ ሚስቱ ኤሌዮኖራ የሙሽራዋ እህት ናት። የሚስቱን እህት ድግስ አይቶ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ መስፍን የለም። በፌብሩዋሪ 1607 አልጋ ወራሹ ልጁ ፍራንቼስኮ የቤቱን ሙዚቀኛ ክላውዲዮ ሞንቴቬርዲን «ኦርፌዎ» አስደርሶ በማንቱዋ ቤተ መንግሥት አሳየ። እስካሁን በየአገሩ መድረክ የሚወጣው የመጀመሪያው ኦፔራ እሱ ነው።

ፍራንቼስኮ ለዚህ ትርኢት ፒሳ ለነበረው ወንድሙ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ተርፈዋል። ችግሩ የቀጭን ድምፅ ዘፋኝ ማጣት ነበር። በዘመኑ ኢጣልያ ድምፃቸው እንዳይጎረምስ በልጅነታቸው የተሰለቡ ወንዶች ይዘፍኑ ነበር፤ ማንቱዋ ያሉት ግን ለልዑሉ አልጣሙትም። ስለዚህ ከግራንድ ዱኩ ቤት አንድ እንዲያውሱት ለመነ። ጆቫኒ ጓልቤርቶ ማሊ የተባለው ወጣት ትርኢቱ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ከተፍ አለ። በቃሉ አጥንቶ የመጣው ግን መግቢያውን ብቻ ነው፤ የቀረውን ኖታው በዝቶበት ገና አላጠናውም። ልዑሉ ተጨነቀ። ዘፋኙ ግን በቀሩት ቀናት ተምሮ ደረሰ፣ ልዑሉም ረካ። ዘፋኝን እንደ ጥሩ ፈረስ መዋዋስ በእነዚያ ቤቶች የተለመደ ነገር ነበር፤ የሚለመነው ጌታው ነው፣ የሚመሰገነውም ጌታው። ለታዳሚዎቹ ደግሞ ግጥሙ ታትሞ ታደለ፣ ዘፋኙ ሲያዜም በዓይናቸው እንዲከተሉ።

በማግሥቱ ዓመት ፍራንቼስኮ የሳቮይ መስፍን ልጅ የሆነችውን ማርጌሪታን ሲያገባ ሞንቴቬርዲ «አሪያና»ን እንዲያደርስ ታዘዘ። የሙዚቀኛው ሚስት ከሞተች ዓመት አልሞላትም። ዋናዋን ገጸ ባሕርይ እንድትዘፍን ቤቱ አስቀምጦ ያስተማራት ካተሪና ማርቲኔሊ ሰርጉ ሳይደርስ በፈንጣጣ ሞተች፤ ገና የ18 ዓመት ልጅ ነበረች። ሰርግ አይቆምም፤ ቪርጂኒያ አንድሬዪኒ የተባለች ተዋናይት ክፍሉን በጥቂት ቀናት አጥንታ ተተካች። የምትወደው ሰው የከዳት አሪያና የምታሰማው ለቅሶ ታዳሚውን እንዳስለቀሰ የዘመኑ ሰዎች ጽፈዋል። ከዚያ ኦፔራ ዛሬ ያለው ሙዚቃ ያ ለቅሶ ብቻ ነው። ሞንቴቬርዲ ታሞ ወደ ትውልድ ከተማው ክሬሞና ከሄደ በኋላ ለመስፍኑ ባለሟል በጻፈው ደብዳቤ ሥራው እንደገደለው፣ ደሞዙም እንዳልተከፈለው እያማረረ ይናገራል። ቪንቼንዞ በ1612 ሲሞት ወራሹ ፍራንቼስኮ፣ ያ «ኦርፌዎ»ን ያስደረሰው ልዑል፣ ሞንቴቬርዲን ከሥራ አሰናበተው።

ከዚህ በኋላ ኦፔራ ከኢጣልያ የወጣበትን መንገድ ለማወቅ የሙሽሮችን ዝርዝር መከተል ይበቃል። የቪንቼንዞ ልጅ ኤሌዮኖራ በ1622 የቅዱስ የሮማ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ፌርዲናንድ 2ኛን አግብታ የማንቱዋን ጣዕም ቪየና አስገባች። የሳክሶኒ መራጭ ልዑል ልጁን በ1627 ቶርጋው ላይ ሲድር ሪኑቺኒ የጻፈው የ«ዳፍኔ» ግጥም በማርቲን ኦፒትስ እጅ ወደ ጀርመንኛ ተመልሶ፣ ሃይንሪሽ ሹትዝ ሙዚቃ ጨመረበት፤ አገሩ በሠላሳ ዓመቱ ጦርነት እየነደደ ነው። የፖላንዱ ልዑል ቭዋዲስዋቭ በ1625 ፍሎረንስን ሲጎበኝ ለክብሩ አንድ ትርኢት ቀረበለት፤ ሙዚቃውን የደረሰችው የጁሊዮ ካቺኒ ልጅ ፍራንቼስካ ካቺኒ ናት፣ መዝጊያውም በሙዚቃ የሚራመዱ ፈረሶች ጭፈራ ነበር። ልዑሉ ሲነግሥ ዋርሶ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ቲያትር አሠርቶ የኢጣልያ ዘፋኞችን ቀጠረ። በቪየና ደግሞ ንጉሠ ነገሥት ሌዮፖልድ 1ኛ ለስፔናዊቷ ሚስቱ ለማርጋሪታ ቴሬሳ በ1668 «የወርቁ ፖም»ን አሳየ። ትርኢቱ ሁለት ቀን ፈጅቷል፣ ከ20 በላይ የመድረክ ገጽታ ተለዋውጦበታል። አማልክቱ ለቆንጆዪቱ ይገባል ብለው የሚጣሉበት ፖም መጨረሻ ላይ ለእቴጌይቱ ተሰጠ። ልጅቷ ቬላስኬዝ በታወቀው ሥዕሉ መሃል ያቆማት ያቺ ትንሽ ልዕልት ናት።

ሁልጊዜ ግን ድግሱ አልሰመረም። ካርዲናል ማዛራን ሮም ከባርቤሪኒዎች ቤት ኦፔራን የለመደ ሰው ነበር። የፈረንሳይ መንግሥት በእጁ ሲገባ ዘፋኞችን፣ ቀማሪዎችንና የመድረክ መሣሪያ ሊቁን ጃኮሞ ቶሬሊን ከኢጣልያ አስመጥቶ በ1647 ፓሪስ ላይ የሉዊጂ ሮሲን «ኦርፌዎ» አሳየ። አሁንም ኦርፌዎስ! ዘፋኝ በድምፁ ሞትን የሚያስለምንበትን ታሪክ ሙዚቀኞች ቢወዱት አይገርምም። ፓሪሶች ግን ግብር እያስጨነቃቸው ካርዲናሉ ለውጭ አገር ዘፋኝ የበተነውን ገንዘብ ቆጠሩበት። በማግሥቱ ዓመት የፍሮንድ ዓመፅ ሲነሳ በየመንገዱ በተበተኑት የስድብ ጽሑፎች ውስጥ የኦፔራው ወጪ ከክሶቹ አንዱ ሆነ።

ያን ጊዜ ቬኒስ የሚባለው ከተማ ሌላ መንገድ ከጀመረ አሥር ዓመት አልፎት ነበር። ቬኒስ ንጉሥ የለውም፤ የሚያስተዳድሩት በንግድ የከበሩ መኳንንት ናቸው። በ1637 የትሮን ቤተሰብ ንብረት በሆነው በሳን ካሲያኖ ቲያትር ግጥም ጸሐፊው ቤኔዴቶ ፌራሪና የሙዚቃ ደራሲው ፍራንቼስኮ ማኔሊ ከአንድ የዘፋኞች ቡድን ጋር ሆነው ኦፔራን ትኬት ለገዛ ሁሉ አሳዩ። የማኔሊ ሚስት ማዳሌናም ከዘፋኞቹ አንዷ ነበረች። ከዚያ በፊት ኦፔራ የሚታየው በጥሪ ነው፤ ከእንግዲህ ገንዘብ ያለው ይገባል።

የዚያ የመጀመሪያ የሕዝብ ኦፔራ ስም «አንድሮሜዳ» ነበር። በግሪኮች አፈ ታሪክ አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስ ልጅ ናት። እናቷ በቁንጅና ተኩራርታ የባሕር አማልክትን ስላስቀየመች ልጅቷ ለባሕር አውሬ መሥዋዕት እንድትሆን ከዐለት ጋር ትታሰራለች፤ ፐርሴዎስ በሰማይ እየበረረ መጥቶ ያድናታል። የዚህ ታሪክ «ኢትዮጵያ» የእኛዋን ኢትዮጵያ በልኳ የሚያሳይ አይደለም። ለግሪኮቹ ከዓለም ጫፍ ያለ ጠይም ሕዝብ አገር ማለት ነበር፤ ጥንታውያን ጸሐፊዎች ያን ዐለት ብዙ ጊዜ የሚያሳዩት ያፋ ወደብ ላይ ነው፣ ሠዓሊዎቹም አንድሮሜዳን የሚቀቡት በነጭ ቀለም ነው። የመድረክ ሰዎች ታሪኩን የወደዱት ባሕር፣ አውሬና የሚበር ጀግና ስላለበት ነው፤ መሣሪያቸውን የሚያሳዩበት አጋጣሚ ነው። የሆነ ሆኖ በትኬት የገባ ተመልካች ያየው የመጀመሪያው ኦፔራ ስለ አንዲት የኢትዮጵያ ልዕልት ነበር።

ሕዝብ ትኬት መግዛት ጀመረ ማለት መኳንንት ወጡ ማለት አይደለም፤ አከፋፈላቸው ተለወጠ እንጂ። የቲያትሮቹ ባለቤቶች እነ ትሮንና እነ ግሪማኒ ናቸው። ግድግዳውን ዙሪያውን ተደራርበው የተሠሩትን ባለ በር ትንንሽ ክፍሎች ባላባቶቹ በዓመት ይከራዩአቸዋል፣ ቁልፉም ከእነሱ ጋር ይውላል። እዚያ ይበሉበታል፣ ቁማር ይጫወቱበታል፣ በካርኒቫል ሰሞን ጭምብል አጥልቀው የማይታዩበትን ጉዳይ ይፈጽሙበታል። ትርኢቱ ቢከስር እንኳ የክፍሎቹ ኪራይ ቤቱን ያቆመዋል። ሙዚቃውም ከኪሱ ጋር ተመጣጠነ። ብዙ አፍ ያለው ኅብረ ዝማሬ ተቀነሰ፣ የመሣሪያ ተጫዋቾቹ ጥቂት ሆኑ፣ ገንዘቡ ሁሉ ሕዝብ ወደሚጎትቱት ዋና ዘፋኞች ሄደ። ማንቱዋ ያባረረችው ሞንቴቬርዲም ሸምግሎ እዚያው ቬኒስ በ1643 «የፖፔያ ዘውድ»ን ሰጠ። በዚህ ኦፔራ ውስጥ ኔሮ መምህሩን አስገድሎ፣ ሚስቱን አባሮ፣ ውሽማውን ያነግሣል፤ ማንም አይቀጣውም። ንጉሠ ነገሥትን እንዲህ ገመናውን ገልጦ ማሳየት በቪየና የሚታሰብ አልነበረም። ንጉሥ የሌለው ከተማ ግን ከፍሎ አየው።

አንድሮሜዳ ፈረንሳይም ተሻግራለች። ከፍሎረንስ በልጅነቱ የመጣው ጃን ባቲስት ሉሊ መጀመሪያ ሥራው አንዲት ልዕልት ጣልያንኛ እንድትለማመድ ማጫወት ነበር። ቀስ በቀስ የሉዊ 14ኛ ባለሟል ሆነና በ1672 በፈረንሳይ ኦፔራ የማሳየት መብት ለእሱ ብቻ ተሰጠ። ሌላ ሰው ያለ እሱ ፈቃድ ሙሉ ተውኔት ማዘፈን አይችልም፤ ተፎካካሪዎቹን የደቆሰው በሙዚቃው ብቻ ሳይሆን በወረቀቱ ነው። በ1682 የደረሰው «ፐርሴ» የሚካሄደው በኢትዮጵያ ነው፤ ንጉሡ ኬፌዎስ ሴፌ ተብሎ መድረኩ ላይ ይዘፍናል። ሉሊ ለንጉሡ በጻፈው የማበርከቻ ቃል ርእሱን የመረጡት ግርማዊነትዎ ነዎት፣ በፐርሴዎስም የእርስዎን አምሳል አየሁ ይላል። ማወደስ ሲባል እንዲህ ነው። ያው ኦፔራ ተሻሽሎ በ1770 የኋላው ሉዊ 16ኛ ማሪ አንቷኔትን ሲያገባ ቬርሳይ ውስጥ አዲስ ለተሠራው የኦፔራ ቤት መመረቂያ ሆነ። ቤቱን ለማብራት የሚነደው ሻማ ውድ ስለነበር ከዚያ በኋላ የተጠቀሙበት አልፎ አልፎ ነው።

ኦፔራ ከአውሮፓ ውጪ የወጣውም በዚያው መንገድ ነው፣ በሹመኛ ጓዝ ውስጥ። ቶማስ ደ ቶሬሆን ኢ ቬላስኮ በ1667 ፔሩ የደረሰው ለስፔን ንጉሥ እንደራሴ ለሌሞስ ካውንት አገልጋይ ሆኖ ነው። በኋላ የሊማ ካቴድራል የሙዚቃ አለቃ ሆነ። በ1701 ሌላው እንደራሴ የሞንክሎቫው ካውንት፣ ክንዱን በጦርነት አጥቶ «የብር ክንድ» የሚል ቅጽል የወጣለት ሰው፣ የአዲሱን ንጉሥ የፌሊፔ 5ኛን 18ኛ ልደት ለማክበር ኦፔራ አዘዘው። ቶሬሆን የመረጠው ካልዴሮን የጻፈውን «የጽጌረዳ ሐምራዊ ቀለም» የተባለ ግጥም ነው። ይህ ግጥም የተጻፈው በ1660 የስፔኗ ማሪያ ቴሬሳ ሉዊ 14ኛን ባገባች ጊዜ ለዚያው ሰርግ ነበር። ፌሊፔ ደግሞ የእነሱ የልጅ ልጅ ነው። እንግዲህ የአያቶቹ የሰርግ ግጥም ውቅያኖስ ተሻግሮ የልጅ ልጃቸው ልደት ላይ ተዘፈነ። ንጉሡ ራሱ አልሰማውም፤ ሊማን በዘመኑ አላያትም። በአሜሪካ አህጉር ከተደረሱት ኦፔራዎች ሙዚቃው የተረፈው የመጀመሪያው ይህ ነው፣ ጽሑፉም ሊማ ይገኛል።

ስለ ለንደን ረጅም ወሬ አያስፈልግም። በ1719 መኳንንቱ አክሲዮን ሸጠው ኩባንያ አቋቋሙ፣ ንጉሥ ጆርጅ 1ኛም በዓመት 1,000 ፓውንድ መደበ፣ የሙዚቃ ደራሲውን ሃንደልን ሥራ አስጀመሩ፤ ገንዘቡ አልቆ ፈረሰ። በኋላ ከሃንደል ጋር የተጣሉ ሌሎች መኳንንት ሁለተኛ ቡድን አቋቁመው ዘፋኙን ፋሪኔሊን አስመጡ፤ ያም ከሰረ። ኦፔራ በአክሲዮን አልሠራም።

ሩሲያ ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። እቴጌ አና ከኢጣልያ ያስመጣችው ፍራንቼስኮ አራያ በ1736 በሴንት ፒተርስበርግ የመጀመሪያውን ትልቅ ኦፔራ አሳየ። በ1755 ያው ሰው በሱማሮኮቭ የሩሲያኛ ግጥም ላይ «ቼፋልና ፕሮክሪስ»ን ደረሰ፤ ያ በፍሎረንስ ሰርግ ላይ ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ቼፋሎ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ግን የሩሲያ ባላባቶች ሌላ ዘዴ አገኙ፤ ዘፋኝን ከመቅጠር ይልቅ ከገባሮቻቸው መካከል ማሳደግ። ገባሩ ከመሬቱ ጋር የሚሸጥ፣ ያለ ጌታው ፈቃድ የማያገባና ከመንደር የማይወጣ ሰው ነው።

ከሁሉ የሚበልጡት የሸረሜቴቭ ካውንቶች ነበሩ። በ1768 ከአንድ ባለእጅ አንጥረኛ ገባራቸው ቤት ፕራስኮቭያ የምትባል ልጅ ተወለደች። ትንሽ ልጅ ሳለች ወደ ጌቶቹ ቤት ወስደው ዜማ፣ ፈረንሳይኛ፣ ጣልያንኛና ሙዚቃ አስተማሯት፤ በ11 ዓመቷ መድረክ ወጣች። የሸረሜቴቭ ቤት ለገባር ተዋንያኑ የከበሩ ድንጋዮችን ስም ያወጣላቸው ነበር፤ እሷ «ዠምቹጎቫ» ተባለች፣ ከዕንቁ። ወጣቱ ካውንት ኒኮላይ በፓሪስ ኦፔራ ቼሎ ከሚጫወት ኢቫር ከሚባል ሰው ጋር ይጻጻፋል። ኢቫር ኖታውን፣ የልብሱን ንድፍ፣ የመድረኩን ሞዴል ሳይቀር ይልክለታል። በዚህ ምክንያት ፓሪስ የታየ ኦፔራ ሞስኮ አጠገብ ባለ ርስት ውስጥ በገባሮች አፍ ይዘፈን ነበር። በ1787 ታላቋ ካትሪን ኩስኮቮ ርስት ላይ በእንግድነት ስትመጣ ፕራስኮቭያ በግሬትሪ «የሳምኒቶች ጋብቻ» ውስጥ የጦር ቁር ደፍታ የምትዋጋውን ልጃገረድ ሆና ዘፈነች። እቴጌይቱ ቀለበት ሸለመቻት። ሽልማቱን የተቀበለችው ልጅ በሕግ የሌላ ሰው ንብረት ነበረች።

ኒኮላይ ለእሷ ድምፅ ኦስታንኪኖ ላይ ከወለል እስከ ጣሪያ በእንጨት የተሠራ ቲያትር አቆመ፤ ወለሉ በመሣሪያ ተነሥቶ አዳራሹ ወደ መጨፈሪያነት ይለወጣል። ቤቱ ዛሬም አለ። ሳንባዋ ሲታመም መዝፈን አቆመች። ካውንቱ በ1798 ነፃ አወጣት፣ በ1801 በምስጢር አገባት፣ ልጅ በወለደች በሦስተኛው ሳምንት በ1803 ሞተች። በስሟ ለድሆች ያሠራው ታላቅ ሕንፃ በኋላ የሞስኮ ዋና የድንገተኛ ሕክምና ሆስፒታል ሆነ። ከዚህ ሁሉ የፍቅር ታሪኩን ብቻ መዝዘው የሚተርኩ ብዙ ናቸው። እኔን የሚገርመኝ ግን አብረዋት ያደጉት የቀሩት ገባር ዘፋኞች ናቸው፤ እነሱን ያገባ ካውንት አልነበረም።

የልዑል ኪስ ኦፔራ ካሠራባቸው የመጨረሻ ታላላቅ ቦታዎች አንዱ ካይሮ ነው፣ እዚህም ላይ ኢትዮጵያ ተመልሳ ትመጣለች። የግብፁ ኬዲቭ እስማኤል አገሩን አውሮፓ አደርጋለሁ ብሎ የተነሳ ገዢ ነበር። የስዌዝ ቦይ ሊመረቅ ሲል በጥቂት ወራት ውስጥ አብዛኛው እንጨት የሆነ የኦፔራ ቤት አስገነባ። ኖቬምበር 1 ቀን 1869 በኢጣልያዊው የሙዚቃ ደራሲ በቬርዲ «ሪጎሌቶ» ተከፈተ። እስማኤል ግን ለራሱ ብቻ የተደረሰ ኦፔራ ፈለገ። የጥንታዊት ግብፅ ቅርስ ሊቅ የነበረው ፈረንሳዊው ኦጉስት ማሪየት ታሪኩን አሰናዳ፤ ቬርዲ መጀመሪያ እምቢ አለ፣ ሥራው ለጉኖ ወይም ለዋግነር ሊሰጥ ይችላል የሚል ወሬ ሲደርሰውና 150,000 ፍራንክ ሲቆረጥለት ተስማማ። ማሪየት ልብሱንና ገጽታውን ሊያሠራ ፓሪስ ሄዶ ሳለ ፕሩሲያ ከተማዋን ከበበች፤ ሰውየውም ልብሱም እዚያው ታገቱ። «አይዳ» ከታሰበበት ጊዜ ዘግይታ ዲሴምበር 24 ቀን 1871 ታየች። ቬርዲ አልሄደም። አዳራሹ በተጋባዥ ሹማምንት መሞላቱን አልወደደውም፤ ለእሱ እውነተኛው መክፈቻ በፌብሩዋሪ ሚላን ላይ የተደረገው ነው።

አይዳ በግብፅ ቤተ መንግሥት የተማረከች የኢትዮጵያ ልዕልት ናት። ኦፔራው ሲጀምር የኢትዮጵያ ንጉሥ አሞናስሮ፣ አባቷ፣ ግብፅን ወሮ ወደ ቴብስ እየገሰገሰ ነው። የግብፁ ጦር አዛዥ ራዳሜስ ያሸንፈዋል፣ ማርኮም ያመጣዋል፤ ያ በዓለም ሁሉ የታወቀው የመለከት ሰልፍ የሚነፋው ለዚህ ድል ነው። ከመድረኩ ውጪ ያለው ነገር ግን ግልባጩ ነበር። በ1872 የእስማኤል ሹም ሙንዚንገር በኢትዮጵያ ሰሜናዊ ጠረፍ ያለውን ቦጎስን ያዘ። ኖቬምበር 1875 ላይ ኬዲቩ የላከው ጦር ጉንደት ላይ ከአፄ ዮሐንስ 4ኛ ሠራዊት ጋር ገጥሞ ተደመሰሰ፤ የመራው ዴንማርካዊው አረንድሩፕም እዚያው ወደቀ። በማርች 1876 ደግሞ የኬዲቩ ልጅ ልዑል ሐሰን ያለበት፣ አሜሪካውያን መኮንኖች የተቀጠሩበት ትልቅ ጦር ጉራዕ ላይ ተሸነፈ። አፄ ዮሐንስ «አይዳ» ስለሚባል ነገር መስማታቸውን የሚያሳይ ነገር የለም። እስማኤል ግን ሁለቱንም ከአንድ ካዝና ከፍሏል፤ ኦፔራውንም ዘመቻውንም።

ካዝናውም አልቻለም። ጉራዕ በሆነበት ዓመት ግብፅ ዕዳዋን መክፈል አቆመች። አበዳሪዎቹ መንግሥታት ሱልጣኑን ገፍተው በ1879 እስማኤልን ከሥልጣን አስወረዱት፤ በመርከብ ተሳፍሮ ወደ ኔፕልስ፣ ወደ ኦፔራው አገር፣ ተሰደደ። የኦፔራ ቤቱ ግን ከእሱ ዘመን በኋላ ዘጠና ዓመት ቆይቶ ኦክቶበር 1971 ተቃጠለ። ዛሬ በቦታው ባለ ብዙ ፎቅ የመኪና ማቆሚያ አለ፤ የካይሮ ሰው አደባባዩን አሁንም «ኦፔራ» እያለ ይጠራዋል። በ1988 በአባይ ደሴት ላይ አዲስ የኦፔራ ቤት ተከፈተ። ወጪውን በእርዳታ የሸፈነው የጃፓን መንግሥት ነው፣ በመክፈቻውም ላይ የቀረበው የጃፓን ባህላዊ ተውኔት ካቡኪ ነበር።